ደብዳቤ ያመላለሱ ልጆች፤ ከማፌኪንግ እስከ ዋርሶ



«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት የማያውቅ ሰው በመካከላችን አይገኝም። ተረቱ እውነትነት አለው። ልጅ ትዕግሥቱ አጭር፥ ጕልበቱ ያልጠና፥ አሳቡም ከጨዋታ ያልራቀ ነውና፥ ቤተ ሰብ የሚጠብቀውን እንጀራ በልጅ እጅ ላይ ብቻ መጣል ብልህነት አይደለም። ነገር ግን እነዚያው አባቶቻችን በሌላ በኩል አንድ መልካም ልማድ አቆይተውልናል። ይኸውም በየሰፈራችን ማንኛውም አዋቂ የማንንም ልጅ ጠርቶ ሊልከው መቻሉ ነው። አንዲት እናት በደጃቸው የሚጫወተውን የጎረቤት ልጅ «ና እስቲ ተላከኝ» ብለው ሱቅ ይልኩታል፤ ልጁም ሮጦ ሄዶ ሮጦ ሲመለስ «እደግ፥ ተመንደግ» ብለው ይመርቁታል። በዚህች ትንሽ መላላክ ውስጥ ልጁ የእናቱና የአባቱ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩም ልጅ መሆኑን ይማራል።

ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ታሪክ ከዚህችው ከመላላክ ሥራ የተወለደ ነው። በዓለም ላይ ስካውት እየተባለ የሚጠራው የወጣቶች ማኅበር ዛሬ ከ170 በሚበልጡ አገሮች ከ50 ሚሊዮን በላይ አባሎች አሉት። መነሻው ግን በአንዲት በተከበበች ትንሽ ከተማ ውስጥ መልእክት ያደርሱ የነበሩ ጥቂት ልጆች ናቸው። ይህንንም ታሪክ የምናነሣው ለማመስገን ብቻ አይደለም። አንድ ከተማ፥ አንድ ሕዝብ፥ ከልጆቹ ምን ያህል አገልግሎት ሊጠይቅ ይገባዋል? የት ላይስ ማቆም አለበት? ይህ ጥያቄ በታሪኩ ሁሉ ውስጥ ሲመላለስ እናገኘዋለን። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በ1899 በጥቅምት ወር በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዞችና ቦኤር በሚባሉት ነጭ ገበሬዎች መካከል ጦርነት ተነሣ። የቦኤሮቹ ጦር ማፌኪንግ የተባለችውን የባቡር ሐዲድ ከተማ ከበባት። የከተማይቱ ጠባቂ የነበረው ሮበርት ባደን ፓወል የሚባል የእንግሊዝ ኮሎኔል ነበረ። በእጁ ያሉት ወታደሮች ከከበቡት እጅግ ያነሱ ስለ ነበሩ፥ ጠመንጃ ሊይዝ የሚችል ሰው ሁሉ በምሽጉ መሰለፍ ነበረበት። ታዲያ ከምሽግ ወደ ምሽግ ትእዛዝ የሚያደርስ፥ በሆስፒታሉ የሚላላክ፥ የከተማውን ደብዳቤ የሚያድል ማን ይሁን? ሹሞቹ ዕድሜያቸው ከዘጠኝ ዓመት ጀምሮ የነበሩትን የነጮቹን ወንዶች ልጆች ሰብስበው፥ ልብስ አልብሰው፥ በሥርዓት አሰልጥነው ይህን ሥራ ሰጧቸው።

ልጆቹ በመጀመሪያ በአህያ ይላላኩ ነበር፤ በኋላ ግን ረኃቡ እየጠና ሲሄድ በብስክሌት መሥራት ጀመሩ። የመድፍ ጥይት በሚወድቅበት መንገድ ላይ ደብዳቤ ተሸክመው ይሮጡ ነበር። ከበባው 217 ቀን ቆይቶ በግንቦት ወር 1900 ተፈታ። በከበባው መጨረሻ ወራት ለከተማይቱ በታተሙት ቴምብሮች በአንደኛው ላይ የልጆቹ አለቃ የነበረው ጉድይየር የተባለው ልጅ በብስክሌቱ ተቀምጦ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ በንጉሥና በንግሥት መልክ ይታተም በነበረው ቴምብር ላይ የአንድ ተላላኪ ልጅ ሥዕል መውጣቱ በዚያን ዘመን ያልተለመደ ነገር ነበር።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፤ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ጸሐፊው የሚያየውን ብቻ ይጽፋል። ከማፌኪንግ ወደ ውጭ የሚላኩትን ደብዳቤዎች በሌሊት በጠላት መስመር መካከል እየተሹለከለኩ ያደርሱ የነበሩት ጥቁር አፍሪካውያን ነበሩ። የእነርሱ መልክ በቴምብር ላይ አልወጣም። በከተማይቱ የነበረው የምግብ አከፋፈልም ጥቁሩን ከነጩ የለየ ስለ ነበረ፥ ብዙ ጥቁሮች በረኃብ ሞቱ። ይህን ሁሉ በጊዜው ያስተዋለ አንድ ሰው ነበረ። እርሱም በከተማይቱ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ የነበረው ሶል ፕላትጄ ነው። ይህ የ23 ዓመት ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ቀን በፍርድ ቤት ሲያስተረጕም እየዋለ ያየውን በማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ማስታወሻው ታትሞ ለሕዝብ የቀረበው ግን በ1973 ነው፤ እርሱ ከሞተ 41 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እንግዲህ ስለ ማፌኪንግ ልጆች ስንናገር፥ ስማቸው ያልተነሣውን መልእክተኞችም አብረን ማሰብ ይገባናል።

ባደን ፓወል ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ፥ ለወታደሮች ስለ ስለላና ስለ ዱካ አጠናን የጻፋት ትንሽ መጽሐፍ በአስተማሪዎችና በልጆች እጅ ገብታ አገኛት። ልጆቹ ከወታደሩ ሥራ ውስጥ የወደዱት መግደሉን ሳይሆን ማስተዋሉን፥ መንገድ መፈለጉን፥ በድንኳን ማደሩን ነበር። እርሱም በማፌኪንግ ያየውን አስታወሰ። ልጅ የሚታመንበት ሥራ ሲሰጠው ከተጠበቀው በላይ ሆኖ ይገኛል የሚለው አሳብ በልቡ አደረ።

ስለዚህ በነሐሴ ወር 1907 ብራውንሲ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ሃያ ያህል ልጆች ይዞ ለስምንት ቀን ሰፈረ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በታላላቅ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የባለጸጎች ልጆች ሲሆኑ፥ ሌሎቹ የሠራተኞችና የነጋዴዎች ልጆች ነበሩ። በእንግሊዝ አገር በዚያ ዘመን እነዚህ ሁለት ወገኖች በአንድ ማዕድ አይቀመጡም ነበር። እርሱ ግን በአራት ጭፍራ ከፍሎ ቀላቀላቸው፤ ለእያንዳንዱም ጭፍራ ከልጆቹ መካከል አንዱን አለቃ አደረገበት። ጠዋት ጠዋት ከአፍሪካ ያመጣውን የአጋዘን ቀንድ እየነፋ ይቀሰቅሳቸው ነበር። በሚከተለው ዓመት በ1908 የስካውትን ትምህርት በመጽሐፍ አሳተመ። ከሕጎቹም አንዱ ስካውት ለሰው ሁሉ ወዳጅ፥ የሌላውም ስካውት ወንድም መሆኑን፥ የመደብ ልዩነትም ይህን እንዳያግድ የሚያዝዝ ነበር። በየቀኑ ቢያንስ አንድ በጎ ሥራ ያለ ዋጋ መሥራትም የልጁ ግዴታ ሆነ።

ይህ አሳብ ከደራሲው እጅ ወጥቶ ሮጠ። ጐልማሶች ጠርተው ሳይሰበስቧቸው ልጆቹ ራሳቸው በየመንደሩ ጭፍራ እያቆሙ አለቃ የሚሆናቸውን ሰው ይፈልጉ ጀመር። በ1909 በሎንዶን በተደረገው ታላቅ ስብሰባ ላይ ማንም ያልጠራቸው ልጃገረዶች ልብሱን ለብሰው ተሰልፈው ተገኙ፤ ስለዚህም በ1910 የልጃገረዶች ማኅበር ለብቻው ተቋቋመ።

የማኅበሩ አገልግሎት በሕዝብ ፊት የተፈተነው በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ነው። የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ወደ ጦር መርከብ ስለ ሄዱ፥ የእንግሊዝን ዳርቻ በመጠበቅ ስካውቶች ተተኩ። የባቡር ድልድይና የቴሌግራፍ መስመር ይጠብቁ ነበር። በሎንዶንም የጠላት አውሮፕላን ደብድቦ ከሄደ በኋላ፥ አደጋው ማለፉን ጡሩምባ እየነፉ ለሕዝብ ያበሥሩ የነበሩት ልጆች ነበሩ።

በተለይ እናንተን፥ በቢሮ የምትውሉትን አንባቢዎቼን የሚመለከት አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስታውሳችሁ። የእንግሊዝ መንግሥት የጸጥታ ምስጢር መሥሪያ ቤት ዶሴ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያመላልሱለት ተላላኪዎች ያስፈልጉት ስለ ነበር፥ በመጀመሪያ ወንዶቹን ስካውቶች ቀጠረ። ወንዶቹ ግን ሥራ በሌለበት ሰዓት መረበሽ አበዙ። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ከ1915 ጀምሮ በእነርሱ ፈንታ ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸውን ልጃገረዶች ቀጠረ። ልጃገረዶቹ የሚሸከሙትን ወረቀት እንዳያነቡ በክብራቸው ቃል ይገቡ ነበር። የቀለም ብልቃጥ ይሞላሉ፥ ክፍል ይጠርጋሉ፥ የመንግሥትንም ምስጢር ያመላልሳሉ። እምነትን ያላጐደሉ ሆነው ስለ ተገኙ፥ በ1919 በፓሪስ የሰላም ጉባኤ በተደረገ ጊዜ አንዳንዶቹ ከመልእክተኞቹ ጋር ተወሰዱ። ልጅ ምስጢር አይጠብቅም ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ፖላንድ እንሻገር፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ያለው በዚያ ነውና።

በመቶ ዓመታት ውስጥ ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ አልነበረችም። ሩሲያ፥ ጀርመንና ኦስትሪያ ሦስት ላይ ተካፍለዋት ነበር። በኦስትሪያ በኩል በነበረችው በልቮቭ ከተማ አንድሬ ማልኮቭስኪ የሚባል ወጣት በአንድ የወጣቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ዘግይቶ ስለ ደረሰ፥ አለቆቹ ለቅጣት የባደን ፓወልን መጽሐፍ እንዲተረጕም አዘዙት። ቅጣቱ ግን ፍቅር ሆነ። ወጣቱ የተረጐመውን ትምህርት በ1911 አሳትሞ ማስፋፋት ጀመረ። የተበታተኑት ጭፍሮች አገሪቱ ነጻነቷን ባገኘችበት በኅዳር ወር 1918 በአንድ ማኅበር ተባበሩ። ስለዚህ በፖላንድ ስካውትነት ከአገር ነጻነት ጋር በአንድ ማኅፀን እንደ ተፀነሰ ይቈጠራል።

ከ21 ዓመት በኋላ፥ በመስከረም 1 ቀን 1939፥ የሂትለር ጦር ፖላንድን ወረረ። ጀርመኖች ከፍተኛ ትምህርት ቤቶችን ዘጉ፤ የስካውትንም ማኅበር ከለከሉ። ስካውቶቹ ግን በዚያው ወር በ27ኛው ቀን በዋርሶ በምስጢር ተሰብስበው ማኅበራቸውን «ግራጫ ጭፍሮች» በሚል የሽፋን ስም አቆሙት። መሪዎቹ ያወጡትን ፕሮግራም በሦስት ቃል ጠሩት፤ «ዛሬ፥ ነገ፥ ከነገ ወዲያ» አሉት። ዛሬ ማለት በምስጢር መቋቋም፥ ነገ ማለት በግልጽ መዋጋት፥ ከነገ ወዲያ ማለት ደግሞ ነጻ የወጣችውን አገር መልሶ መሥራት ነው።

እዚህ ላይ የመሪዎቹን ማስተዋል እንመልከት። ልጆቹን በዕድሜ በሦስት ከፈሏቸው። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ የሆኑት በጦር መሣሪያ ሥራ ተመደቡ። ከ15 እስከ 17 ያሉት በግድግዳ ላይ መፈክር እንደ መጻፍ ያለውን ትንንሽ የመቃወም ሥራ ይሠሩ ነበር። ከ12 እስከ 14 ያሉት ግን በጠላት ላይ እንዳይሰማሩ ተወሰነ። የእነርሱ ግዳጅ በምስጢር በሚሰጠው ትምህርት ቤት መማርና ለረዳትነት ሥራ መዘጋጀት ሆነ። ከነገ ወዲያ ፈላስፋው፥ ሐኪሙ፥ መሐንዲሱ የሚወጣው ከእነዚህ ነውና። አገሪቱ በመከራ ውስጥ ሳለች፥ በየቤቱ ቂም በሞላበት በዚያ ዘመን፥ «እናንተ ተማሩ» ብሎ ልጅን መከልከል ቀላል ነገር አልነበረም።

የተላቆቹም ሥራ ቢሆን ብዙ ጊዜ በጥበብ የተሞላ ነበር። በዋርሶ አደባባይ የቆመው የኮፐርኒከስ ሐውልት ነበረ። ጀርመኖች የታላቁን የሥነ ፈለክ ሊቅ ጀርመናዊነት የሚያውጅ ሰሌዳ በፖላንድ ጽሕፈት ላይ ደርበውበት ነበር። በየካቲት 11 ቀን 1942 አሌክሲ ዳቪዶቭስኪ የተባለ የ21 ዓመት ስካውት ከጀርመኖች ፖሊስ ጣቢያ አጠገብ ብሎኑን ፈትቶ ሰሌዳውን ነቅሎ ወሰደው። በዚያው ዓመት የተቃውሞው ምልክት ምን ይሁን ተብሎ ውድድር ሲደረግ፥ የመርከብ መልሕቅ የሚመስለው ሥዕል ተመረጠ። እርሱንም የሣለችው አና ስሞሌንስካ የምትባል የስካውት ልጃገረድ ናት። ምልክቷ በዋርሶ ግድግዳዎች ሁሉ ላይ በወጣበት ጊዜ፥ እርሷ በአውሽዊትዝ ወህኒ ታስራ በመጋቢት ወር 1943 ሞተች።

ከዚህ በኋላ በነሐሴ 1 ቀን 1944 ከቀትር በኋላ በ11 ሰዓት፥ ዋርሶ በጀርመኖች ላይ ተነሣች። ሕዝቡ ውጊያው በጥቂት ቀን ያበቃል ብሎ ነበር፤ 63 ቀን ቆየ። በዚያች ሰዓት እናት በገበያ፥ አባት በሥራ፥ ልጅ በሌላ ሰፈር የነበረው ሁሉ በያለበት ቀረ። ከተማይቱ በጠላት እሳት ተቈራርጣ፥ በባሕር መካከል እንዳሉ ደሴቶች አንዱ ሰፈር ከሌላው ተለየ። ስልክም ሆነ ፖስታ ለተራው ሕዝብ አልነበረም። በአንድ ምድር ቤት የተሸሸገች እናት ልጇ ከሁለት መንገድ ወዲያ በሕይወት ይኑር አይኑር የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

ስካውቶቹ ይህን አይተው በውጊያው የመጀመሪያ ቀናት የራሳቸውን ፖስታ ቤት አቆሙ። በከተማው መንገዶች ላይ የደብዳቤ ሣጥኖች ሰቀሉ፤ በየሰፈሩም የፖስታ ጣቢያዎች ከፈቱ። በነሐሴ 6 ቀን ሥራው የአገሪቱ የምስጢር ጦር የሜዳ ፖስታ ሆኖ ታወቀ። ደንቡም ቀላል ነበር። ደብዳቤው ከ25 ቃል እንዳይበልጥ፤ በግልጽ እንዲጻፍ፤ ስለ ጦሩ ሁኔታም ምንም እንዳይነገርበት። ታላላቆቹ ስካውቶች ደብዳቤውን መርምረው ካሳለፉት በኋላ ታናናሾቹ ያደርሱታል። ዋጋ አይከፈልበትም። ደስ ያለው ሰው ግን ለቈሰሉት የሚሆን መጽሐፍ፥ ፋሻ ወይም ምግብ ይሰጥ ነበር። በዚህ ዓይነት በቀን ከ3,000 እስከ 6,000 ደብዳቤ ይተላለፍ ነበር።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ 25 ቃል ምን ያህል እንደ ሆነ እስቲ ቈጥራችሁ ተመልከቱ። ሰው በ25 ቃል ጌጥ ያለው ንግግር ሊጽፍ አይችልም። በሕይወት መኖሩን፥ ማን አብሮት እንዳለ፥ ማን እንደ ጠፋበት፥ የት እንደሚገኝ ብቻ ይጽፋል። ደብዳቤውን የያዘው ልጅ ደግሞ በአድራሻው ሲደርስ ቤቱ ፈርሶ፥ ሰዎቹም ተሰደው ያገኝ ነበር። ያን ጊዜ ከአንዱ ምድር ቤት ወደ ሌላው እየወረደ ስም እየጠራ ይፈልጋል። ከሰፈር ወደ ሰፈር ለመሻገር በቤቶች ግድግዳ በተቦረቦረ ቀዳዳ፥ ጥይት በሚዘንብበት ጐዳና ላይ በተቈፈረ ጕድጓድ ማለፍ ነበረበት። የሩቆቹ ሰፈሮች ደብዳቤ ከመሬት በታች ባለው የቆሻሻ ውሃ ቦይ ውስጥ ይተላለፍ ነበር። ከእነዚህ ልጆች መካከል በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ የሞቱ ነበሩ።

ታላላቆቹም በዚያው ጊዜ በሌላ ግዳጅ ላይ ነበሩ። ከስካውቶች የተውጣጣው ዞሽካ የተባለው ሻለቃ በነሐሴ 5 ቀን በከተማይቱ ውስጥ የነበረውን የጀርመኖች ማጎሪያ ሰብሮ 348 አይሁዳውያን እስረኞችን ነጻ አወጣ። በመጨረሻ ግን ከተማይቱ በጥቅምት 2 ቀን እጅ ሰጠች። ከ150,000 የማያንስ ሰላማዊ ሕዝብ አልቆ ነበር። የቀረውን ጀርመኖች ከከተማው አስወጥተው፥ ቤቶቹን በተራ እያቃጠሉ አፈረሱ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነውን? ወይስ የሚለቀስበት? ሁለቱም ነው ብል እውነቱን የተናገርሁ ይመስለኛል። የ13 ዓመት ልጅ በጥይት መካከል ደብዳቤ ተሸክሞ የሚሮጥበት ቀን ለማንኛውም ከተማ የመዓት ቀን ነው። ጥፋቱ ግን ልጁን እዚያ ላይ ባደረሰው ወራሪ ላይ ይወድቃል። መሪዎቹ አደጋውን ከልጆቹ ፈጽመው ሊያርቁት አልቻሉም፤ ሆኖም መሣሪያ ሊሰጧቸው በሚቀልበት ሰዓት ደብዳቤ ሰጧቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ በጦርነት እንዳይሰለፍ የሚከለክለውን የሕፃናት መብት ስምምነት የተቀበለው በ1989 ነው፤ በ2000 ደግሞ ዕድሜውን ወደ 18 የሚያሳድግ ተጨማሪ ውል ወጣ። የዋርሶ ስካውቶች አለቆች ግን ማንም ሳያስገድዳቸው ይህን ወሰን ከ40 ዓመት በላይ ቀድመው በገዛ ልጆቻቸው መካከል አስምረውት ነበር። በውጊያው ትርምስ ወሰኑን አልፈው ወደ ምሽግ የገቡ ትንንሾች አልጠፉም፤ ነገር ግን ወሰን የሌለውና ወሰኑ የተጣሰበት አንድ አይደሉም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ሐውልት በዋርሶ አለ። በ1983 የተመረቀው ይህ ሐውልት ለራሱ የሚሰፋ የብረት ቆብ የደፋና ጠመንጃ ያነገተ ትንሽ ልጅ ያሳያል። ገንዘቡን ያዋጡት ስካውቶች ነበሩ፤ መጋረጃውንም የገለጠው በልጅነቱ በዚያ ውጊያ መልእክተኛ የነበረ፥ በኋላ ግን የልብ ሐኪም የሆነ ሰው ነው። ሐውልቱን የሚያይ ሰው ሁሉ ያዝናል። እኔ ግን ከጠመንጃው ይልቅ መጋረጃውን የገለጠውን ሰው አስባለሁ። መሪዎቹ «ከነገ ወዲያ» ያሉት ቀን በእርሱ ላይ ተፈጽሟልና። መልእክተኛው ልጅ ከሞት ተርፎ የሰው ልብ የሚያክም ሐኪም ሆነ። የወጣቶች ማኅበር ፍሬ በዚህ ይታያል።

ይህን ብለን ስናበቃ የማኅበሩን ጉድለት መሸፈን አይገባንም። ተላላኪ ልጆች ማኅበሩን ባስጀመሩባት በደቡብ አፍሪካ፥ የጥቁር ልጆች ለብዙ ዘመን ከነጮቹ ስካውቶች ጋር እንዳይደባለቁ ተከልክለው፥ በሌላ ስም ለብቻቸው ይሰበሰቡ ነበር። ስካውት ለስካውት ወንድም ነው የሚለው ሕግ በመጽሐፍ ተጽፎ እያለ፥ የቈዳ ቀለም ግን ወንድማማቾቹን ለያያቸው። በዘር የተለያዩት ማኅበሮች በአንድ የተጠቃለሉት በ1977 ነው። ሕግ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ በሕጉ መኖር ግን ሌላ ነው። ሆኖም ሕጉ በጽሑፍ መኖሩ ጠቀመ፤ የተገፉት ልጆች «የራሳችሁ ቃል ይህ ነው» ብለው የሚጠይቁበት ማስረጃ ሆኗቸዋልና። ባደን ፓወል ራሱ የመጨረሻ ዘመኑን በኬንያ አሳልፎ በጥር 8 ቀን 1941 በኒየሪ ከተማ ሞተ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ አንዲት ነጥብ በመካከሏ ያለባት ክብ ተቀርጻለች፤ እርሷም በስካውቶች የመንገድ ምልክት «ወደ ቤቴ ሄድሁ» ማለት ናት።

ለእኛም ይህ ታሪክ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ በተከፈቱት ዘመናውያን ትምህርት ቤቶች የስካውት ልብስ የለበሱ ተማሪዎች ነበሩ። ነገር ግን ልብሱ ቢኖርም ባይኖርም፥ በመጀመሪያ እንዳልሁት፥ ልጅን ለሰፈር የማስላክ ልማድ የራሳችን ነው። ዛሬ ይህ ልማድ በየከተማችን እየሳሳ መሄዱን ሁላችንም እናያለን። ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ ስም አያውቅም፤ ልጁም የሽማግሌውን ዘንቢል ተቀብሎ ለመሸከም ያፍራል። ያፈረበት ምክንያት ምንድን ነው? እኛ ታላላቆቹ ልጁን ምንም ነገር አናምነውምና፥ ስላልጠራነውም ነው።

በመጨረሻም አንድ ቃል ለእኛ ለቢሮ ሰዎች። ያ የዋርሶ ልጅ ደመወዝ አልነበረውም፤ ማዕርግ አልነበረውም፤ አለቃውም ከኋላው ቆሞ አይቈጣጠረውም ነበር። ሆኖም 25 ቃል የተጻፈባትን ወረቀት ፈልጎ ለባለቤቷ ሳያደርስ አይመለስም ነበር። በዚያች ወረቀት ላይ የአንዲት እናት እንቅልፍ እንደ ተንጠለጠለ ያውቃልና። እኛስ? በየመዝገብ ቤታችን፥ በየመሳቢያችን ውስጥ፥ «ዛሬ ነገ» እየተባለ ያደረ ስንት ማመልከቻ አለ? ከሩቅ አገር መጥቶ በደጃችን ቆሞ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ከምድር ቤት ውስጥ ሆና ደብዳቤ ከምትጠብቀዋ እናት በምን ይለያል? በእኛ ጐዳና ላይ ጥይት አይዘንብም፤ ወረቀቱ የሚያልፈውም ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ነው።

አባቶቻችን «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ማለታቸው ልክ ነው፤ ልጅ ብቻውን ቤት አያቆምም። ዋርሶንም ልጆቿ ብቻቸውን ሊያድኗት አልቻሉም። ነገር ግን ልጁን አጠገባችን አስቀምጠን፥ ዱቄቱን አቅርበን፥ ልኩን አሳይተን እንዲያቦካ ብንፈቅድለት፥ ነገ እርሱ ራሱ ባለቤት በሆነ ጊዜ የሚጋግረው እንጀራ ለእኛም ለሽማግሌዎቹ ይደርሰናል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ፥ በደጃችሁ የሚጫወተውን ልጅ ስሙን ጠይቁት፤ ለአካሉ የማትከብድ፥ ለክብሩ ግን የምትበቃ አንዲት መልእክት ስጡት። ሲመለስም መመረቁን አትርሱ።